ለቤት ጥበቃ ሾትገን ስንመርጥ ያየነው፦ ሰደፍ፣ ማነጣጠሪያና ግድግዳ

ይህን የምጽፈው በተለይ ባሎቻቸው ትራክ ለሚነዱ፣ ሌሊቱን ከልጆች ጋር ብቻቸውን ለሚያድሩ እህቶቼ ነው። ወንዶችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። በብዙ የሐበሻ ቤት መሣሪያውን የሚመርጠው ባል ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን እሱ ቴነሲ ወይም አሪዞና መንገድ ላይ ይሆናል፣ ቤት ያለችው ሚስት ናት። የእኛ ቤት ታሪክም ይኸው ነበር።

የምንኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ጭነት ይዞ ከስቴት ውጭ ሳለ የጓሮውን በር በእርግጫ ይመቱት ጀመር። ልጆቹን እየጎተትኩ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ኮመዲኖውን በሩ ላይ ገፋሁና 911 ደወልኩ። በሩ ተሰንጥቆ ሊከፈት ሲል አላርሙ ጮኸ፤ ሰዎቹም ሮጡ። ፖሊስ ደርሶ ዙሪያውን አየ፣ ሪፖርት ጻፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማናችንንም ምንም አልነካንም። እንቅልፌ ግን ሄደ። ነፋስ በሩን በነካው ቁጥር እየተነሣሁ የልጆቹን ክፍል አይ ነበር።

ባለቤቴ እንደተመለሰ ቀድመን ወደ መሣሪያ አልሄድንም፤ ወደ በሩ ሄድን። እናንተም ገንዘባችሁን ከበሩ ጀምሩ። የበሩ ቁልፍ ምላስ የሚገባበትን ብረት ግድግዳው ላይ የያዙት አጫጭር ብሎኖች ስለነበሩ በጥቂት እርግጫ ተነቅለዋል። አሁን ባለ 3 ኢንች ብሎን አድርገንበታል፤ የበሩን ፍሬም አልፎ የግድግዳውን ምሰሶ እንጨት ይይዛል። ዋጋው የምሳ ዋጋ አይሞላም። ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት ጓሮ ላይ ሰቀልን፣ ካሜራም ጨመርን። መሣሪያ የመጨረሻው በር ነው፤ ከፊቱ ያሉት በሮች ሳይጠነክሩ እሱን መግዛት ትክክል አይመስለኝም።

ሽጉጥ ይሻላል ወይስ ሾትገን፣ ማለትም በአንድ ተኩስ ብዙ እርሳስ የሚተፋው ረጅም መሣሪያ፣ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራከረን። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ በድሮው ጦር ሠራዊት ያገለገሉ አንድ ጋሼ አሉ። ቡና ላይ ሳማክራቸው፣ «ልጄ፣ ሽጉጥ እጅ ይፈልጋል። ሁልጊዜ ካልተለማመድሽበት በድንጋጤ ጊዜ ከአንቺ ጋር አይሆንም። ትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ ጉንጭሽ የሚነካው ነገር ይሻልሻል» አሉኝ። ዛሬም የእሳቸው ቃል ልክ ነው እላለሁ። ረጅም መሣሪያ እጅን፣ ትከሻንና ጉንጭን ስለሚይዝ እጅ ቢንቀጠቀጥም ይረጋጋል።

ስለ ግዢው ሕግ በአጭሩ ልንገራችሁ፣ በእኛ ማኅበረሰብ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት ገደል አለና። ፈቃድ ካለው ሱቅ ስትገዙ የምትሞሉት ቅጽ 4473 ይባላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይችልም። ቅጹ «ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ዘመድ ገንዘብ ሰጥቶ «አንተ ግዛልኝ» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ። ይህ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። በራስ ገንዘብ ገዝቶ መሣሪያ መያዝ ለሚፈቀድለት ሰው በስጦታ መስጠት ሌላ ነገር ነው፣ ይቻላል። መታወቂያችሁ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የምትኖሩበት መሆን አለበት፤ ቤት ቀይራችሁ ካልቀየራችሁት መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ስማችሁ መዝገብ ላይ ካለ ሌላ ሰው ስም ጋር ሲመሳሰል፣ ሱቁ ከመሸጡ በፊት የሚያስደርገው የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ «ቆይ» ሊል ይችላል። የእኔ ሲዘገይ ደንግጬ ነበር፤ መዘግየት መከልከል አይደለም። የአፈሙዙ ርዝመት ደግሞ ከ18 ኢንች፣ ጠቅላላው ርዝመት ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም። ከ1934 ጀምሮ ከዚያ ያጠረ ሾትገን ልዩ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ እንዲመች ብሎ አፈሙዝ የሚያሳጥር ሰው ራሱን እስር ቤት ያስገባል።

ሱቅ ስንገባ ሻጩ እኔን አየና አንዲት አጭር፣ ሰደፍ የሌላት፣ እንደ ሽጉጥ በእጀታ ብቻ የምትያዝ ሾትገን አወጣልኝ። «ለሴት ቀላል ናት» አለኝ። ብዙ ሴቶችም ይችኑ ገዝተው ይወጣሉ። እህቶቼ፣ መሣሪያ በቀለለ ቁጥር ምቱ ይብሳል። ከባዱ መሣሪያ የጥይቱን ግፊት በክብደቱ ይውጠዋል፤ ቀላሉ ለሰውነታችሁ ይተወዋል። ሰደፍ ከሌለው ደግሞ ግፊቱን ሁሉ የሚቀበለው የእጅ አንጓ ነው። ጉንጭ የሚያርፍበትም ስለሌለ ዓይናችሁ ማነጣጠሪያው ላይ አይደርስም። መደርደሪያ ላይ የምታምረውን ትታችሁ ትከሻ ላይ የምትቀመጠውን ውሰዱ።

እኛ መጀመሪያ የወሰድነው ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ነበር፣ በእጅ ተስቦና ተገፍቶ የሚቀባበለው ዓይነት፤ የአፈሙዙ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቴ ትከሻው ላይ አድርጎ «ልክ ነው» አለ። ለእሱ ልክ ነበር። ቁመቱ ከእኔ በጣም ይበልጣል፤ የክንዱም ርዝመት እንዲሁ። ተኩስ ቦታ ሄደን በእኔ ትከሻ ሲሞከር ሰደፉ ብብቴ ሥር ገባ፣ የግራ እጄ ተዘርግቶ አለቀ፣ ወገቤ ወደ ኋላ ተለመጠ። በመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ክንዴ በልዞ መጣ። ያስተማረችኝ ሴት እንደኔው አጭር ናት፤ መሣሪያውን ከእጄ ወስዳ ሰደፉን ክርኔ ውስጥ አስገባችና ጣቴ ቃታው ጋ በደንብ እንደማይደርስ አሳየችኝ። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት በብዙ ሾትገን ላይ 14 ኢንች አካባቢ ነው። እንደ እኔ ላለ ሰው 13 ወይም 12 ተኩል ኢንች ይስማማል።

ይህን ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ መለካት ይቻላል። ክርናችሁን አጥፋችሁ የሰደፉን ጫፍ ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ አድርጉ፤ ጣታችሁ ያለ ችግር ቃታውን ከነካ ልክ ነው። ካልደረሰ ሌላ እዩ ወይም ሰደፉን ቀይሩ። ማግፑል የሚሠራው ኤስ.ጂ.ኤ. የተባለው ሰደፍ በመሃሉ በሚገቡ ማራዘሚያዎች ከ12 ተኩል እስከ 14 ተኩል ኢንች ስለሚስተካከል፣ ባልና ሚስት አንድ መሣሪያ ለሚይዙበት ቤት ጥሩ መፍትሔ ነው። ረጅሙ ሰው በአጭር ሰደፍ መተኮስ ይችላል፤ አጭሩ ሰው ግን በረጅሙ አይችልም። ስለዚህ በአጭሩ ሰው ልክ ግዙ።

ሁለተኛው ችግር የፓምፑ ማቀባበያ ላይ ታየ። ፓምፕ ከያንዳንዱ ጥይት በኋላ በእጅ ይቀባበላል፤ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ተስቦ እስከ መጨረሻው መገፋት አለበት። በሰላም ጊዜ ቀላል ነው። አስተማሪዬ ሰዓት ይዛ «ቶሎ!» ስትለኝ ግን እጄ ግማሽ መንገድ ስቦ ይመለስ ጀመር። ቃታውን ስስብ ቀጭ ይላል፤ ጥይት የለም። ሰደፉ ረጅም በመሆኑ ደግሞ ማቀባበያው ከእጄ ርቋል፣ ነገሩ ባሰ። ፓምፕ አይበላሽም የሚሉት እውነት ነው፣ መሣሪያው አይበላሽም፤ በድንጋጤ የሚሳሳተው የሰው እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ በጋዝ ኃይል ራሱን የሚያቀባብለውን ዓይነት ተከራይቼ ሞከርኩ። የተኮስኩት ያው 12 ጌጅ ነው፣ ምቱ ግን በጣም ለስልሶ አገኘሁት፤ ከጥይቱ ግፊት ከፊሉ የመሣሪያውን መካኒክ ለማንቀሳቀስ ስለሚውል ነው። በመጨረሻ የወሰድነው በ2022 የወጣውን ቤሬታ ኤ300 አልቲማ ፓትሮልን ነው። ሰደፉ ከፋብሪካው 13 ኢንች ሆኖ ይመጣል፣ አፈሙዙ 19.1 ኢንች ነው። ዋጋው አንድ ሺህ ዶላርን ያልፋል፤ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ለዚህ ያህል አቅም ከሌለ ማቭሪክ 88 የተባለው ፓምፕ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። የተረፈውን ለትምህርትና ለጥይት አውሉት። ሞስበርግ 500 እና 590 ደግሞ ሴፍቲያቸው (ቃታውን የሚቆልፈው) ከላይ፣ በአውራ ጣት የሚገፋ ስለሆነ ግራኝ ለሆነ ሰው ይመቻሉ፤ ግን እንደ ሽጉጥ እጀታ ያለው ሰደፍ ከተገጠመባቸው አውራ ጣት እዚያ አይደርስም፣ ይህን ልብ በሉ።

ምቱ ለሚከብዳቸው አፈሙዙ ከ12 የሚጠበው 20 ጌጅም አለ፣ የማይናቅ ነው። እኔ ያልወሰድኩት የጥይት ምርጫው ስለሚጠብና ለቤት መከላከያ የሚሆነው ጥይት በየሱቁ እንደ 12 ጌጅ ስለማይገኝ ነው። ለ12 ጌጅ ምታቸው የተቀነሰ ባክሾት፣ ማለትም ወፍራም እርሳሶች ያሏቸው፣ ጥይቶች ይሸጣሉ፤ እነሱን ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚነግራችሁ አንድ ወሬ አለ፦ «ሾትገን አይነጣጠርበትም፣ ወደዚያ አዙረሽ ተኩሺ፣ እርሳሱ ክፍሉን ይሞላዋል» የሚል። ሱቅ ውስጥም፣ ድግስ ላይም፣ ከዘመድም ሰምቼዋለሁ። በዚህ ወሬ የተነሣ ብዙ ሰው ስለ ማነጣጠሪያ ጨርሶ አያስብም። አስተማሪዬ «ቤትሽ ውስጥ ረጅሙ መስመር ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካሁ፤ ከመኝታ ቤቴ በር እስከ ዋናው በር 8 ሜትር አይሞላም። በዚያው ርቀት ወረቀት ሰቀለችና ሁለት ዓይነት ጥይት አስተኮሰችኝ።

ሁለቱም 00 ባክሾት ናቸው፤ እያንዳንዷ እርሳስ 8.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ትወፍራለች። የመጀመሪያው ርካሽ፣ ባለ 9 እርሳስ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስምንቱ መዳፍ በሚያህል ቦታ አረፉ፤ ዘጠነኛዋ ብቻዋን ወጥታ ከሰው ምስሉ ትከሻ ውጭ ነጩን ወረቀት በስታ ነበር። ሁለተኛው ፌዴራል የተባለው የጥይት ፋብሪካ ፍላይት ኮንትሮል የሚለው ባለ 8 እርሳስ ጥይት ነው። እርሳሶቹን የሚይዘው የፕላስቲክ ጽዋ ዘግይቶ ስለሚለቃቸው ስምንቱም በአንድነት ገብተው ዳሩ የተቦጫጨቀ አንድ ቀዳዳ አወጡ፤ ጡጫዬን ባስገባ ይሞላዋል።

ያችን ብቻዋን የወጣች እርሳስ አይቼ ቆሜ ቀረሁ። ከዋናው በራችን በስተቀኝ ያለው ግድግዳ የልጆቼ ክፍል ግድግዳ ነው። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ሁለት ገጽ ሺትሮክ (የጂፕሰም ሰሌዳ) ነው፣ እያንዳንዱ ግማሽ ኢንች፣ በመሃሉ ባዶ። 00 ባክሾት እንዲህ ያለውን ግድግዳ ከአንድም በላይ አልፎ ይሄዳል። አንዳንዶች ይህን ፈርተው ለወፍ ማደኛ የሚሆነውን ደቃቅ እርሳስ ይጭናሉ፤ እሱ ደግሞ ጥልቀት ስለሌለው አጥቂን ለማስቆም አይታመንም። መፍትሔው ጥይቱን ማድከም ሳይሆን እርሳሶቹ በአንድነት የሚሄዱበትን መምረጥ፣ ማነጣጠር፣ ከዒላማው ጀርባ ያለውንም ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ሾትገን ለአንዱ ጥይት ይስማማል፣ ለሌላው አይስማማም፤ ስለዚህ የገዛችሁትን ጥይት በራሳችሁ መሣሪያ፣ በራሳችሁ ቤት ርቀት፣ ወረቀት ላይ ሳታዩ ቤት አታስገቡ። ብዙ የቤት ውስጥ ተኩስ ቦታዎች ባክሾት ስለማይፈቅዱ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሜዳ ላይ ያሉት በአብዛኛው ይፈቅዳሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከባለቤቴ ጋር ቤቱን እየዞርን ከየት ቆሜ ወዴት መተኮስ እንደምችልና እንደማልችል ተነጋገርን። እኔ የምቆምበትን ቦታ ቀየርን፤ አሁን የተመረጠው ጥግ ላይ ሆኜ ወደ ኮሪደሩ ሳይ ጀርባው የውጩ የጡብ ግድግዳና የእሳት ማንደጃው ነው፣ ልጆቹም ከኋላዬ ናቸው። ዕቅዳችን ልጆቹን ሰብስቤ እዚያ ጥግ መቀመጥ፣ 911 መደወል፣ መጠበቅ ነው። ሌባ ፍለጋ ቤት ውስጥ አልዞርም። ቴሌቪዥንም ወርቅም ይውሰዱ። ባለቤቴም ሳይነግረኝ ሌሊት ቤት አይገባም፤ መንገድ ላይ ሆኖ ደውሎ ድምፁን አሰምቶኝ ነው የሚገባው።

ስለ ማነጣጠሪያ የማውቀውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የገዛነው ፓምፕ አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት ዶቃ ብቻ ነበረችው። በራሪ ወፍ ለሚያድን ሰው ዶቃ በቂ ናት። ለእኔ ግን ጉንጬ ከሰደፉ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ጥይቱ ከፍ ብሎ ሄደ፤ ምክንያቱም በዶቃ ብቻ ሲነጣጠር የኋላው ማነጣጠሪያ የራሳችሁ ዓይን ነው፤ ዓይን ከፍ ካለ አፈሙዙም ከፍ ይላል። በድንጋጤ ደግሞ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ለማየት ራሱን ቀና ያደርጋል።

ሁለተኛው ዓይነት ጎስት ሪንግ ይሉታል። ከኋላ ሰፊ ቀለበት፣ ከፊት ቀጥ ያለ ጠቋሚ አለው። በቀለበቱ ውስጥ ታያላችሁ እንጂ ቀለበቱን አታዩትም፤ ዓይን የፊቱን ጠቋሚ ራሱ መሃል ያደርገዋል። የእኔ የፊቱ ጠቋሚ ብርሃን የሚስብ ቀለም ያለው ዘንግ አለበት። ባትሪ ድንጋይ አይፈልግም፣ የሚጠፋ ነገር የለውም።

ሦስተኛው ሬድ ዶት ነው፤ በትንሽ መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ። ባለቤቴ በጣም ወደደው፣ እኔም ልወደው ሞከርኩ። ዓይናቸው ጥሩ ለሆነ ሰዎች ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ዓይንን ዒላማው ላይ ብቻ አድርጎ መተኮስ ያስችላል። ሲገዛ ግን ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ከፍ ብሎ ከተገጠመ ጉንጭ ከሰደፉ ይነሣል፣ አገጭ ብቻ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ምቱ ፊት ላይ ነው። በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ የሚገጠምበትን ምረጡ፤ እንደ ሞስበርግ 940 ፕሮ ታክቲካል ያሉት አካላቸው ላይ ለዚህ ተብሎ የተቆረጠ ቦታ አላቸው። ሁለተኛ፣ የሾትገን ምት ርካሽ መስታወትን ያናጋዋል፣ ብሎኑንም ያላላዋል። የእኛ የመጀመሪያው ርካሽ ሬድ ዶት በአንድ ከሰዓት ተኩስ መሃል ነጥቡ ጠፋ። ብሎኑ ላይ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አድርጉ፤ ከብሎኑ ራስ ወደ ብረቱ የሚያልፍ ነጭ መስመር በቀለም አስምሩ። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው የዓይን ነገር ነው፣ እኔንም ያስቀረኝ እሱ ነው። አስቲግማቲዝም የሚባለው፣ ብርሃንን አዛብቶ የሚያሳይ የዓይን ጉድለት አለብኝ። ሌላው ሰው ክብ ነጥብ የሚያየውን እኔ የተበተነ፣ ጅራት ያለው ኮከብ አየዋለሁ። መጀመሪያ ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጥይት የሌለው መሆኑን ደጋግማችሁ አይታችሁ፣ ነጥቡን በስልካችሁ ካሜራ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ላይ ክብ ከሆነ ችግሩ የእናንተ ዓይን ነው። መነጽሬን ሳደርግ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ሌሊት ከእንቅልፍ ተነሥቼ መነጽር የምፈልግበት ጊዜ የለኝም። ስለዚህ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አይተን፣ መብራት አጥፍተን፣ ያለ መነጽር ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ሞከርኩ። የነጥቡን ብርሃን ሳበዛው በጨለማው ተበትኖ ኮሪደሩን ሸፈነብኝ፤ ስቀንሰው ደግሞ የመሣሪያው መብራት ነጩን ግድግዳ ሲመታው ጠፋ። በጎስት ሪንጉ ግን መብራቱ ሲበራ የፊቱ ጠቋሚ በነጩ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሆኖ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እዚያው ላይ ቀረሁ። እናንተም ምርጫችሁን ሱቅ ውስጥ በቀን ብርሃን አታድርጉ፤ ቤታችሁ፣ በሌሊት ዓይናችሁ ሞክሩት።

መብራቱን ካነሣሁ፣ መሣሪያ ላይ የተገጠመ መብራት የሌለው የቤት ሾትገን አልመክርም። ማን እንደሆነ ሳያዩ መተኮስ የገዛ ልጅን፣ ውሃ ሊጠጣ የተነሣ እንግዳን መግደል ነው። ለፓምፕ ማቀባበያው ራሱ መብራት ሆኖ የተሠራ አለ፤ ስትሪምላይት ቲኤል ራከር እና የሹርፋየሩ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ኮሽታ በሰማችሁ ቁጥር በመሣሪያው መብራት አትፈልጉ፤ መብራቱ ባለበት አፈሙዙም አለ። ለዚያ የእጅ ባትሪ አልጋችሁ አጠገብ ይኑር፣ ወይም የግድግዳውን መብራት አብሩ።

አቀማመጡን ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። «የጎረሰ መሣሪያ ቤት ውስጥ አይቀመጥም» ይላሉ። የብዙ ሾትገን ሴፍቲ የሚቆልፈው ቃታውን ብቻ ነው፤ ጥይት ጎርሶ ከወደቀ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ የእኛ ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለው የጥይት ማስቀመጫ ቱቦ ውስጥ ናቸው፣ አፈሙዙ ባዶ ነው፣ መሣሪያው በቁጥር በሚከፈት ካዝና ውስጥ ነው። ካዝናው ግድግዳው ምሰሶ ላይ ታስሯል። በጨለማ፣ በጣት ብቻ ለመክፈት ተለማምጃለሁ።

«የእኔ ልጆች አይነኩም» አትበሉ። ማኅበር ቤታችሁ ሲወጣ፣ ልደት ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን ስንት ልጅ ነው ቤቱን የሚያተራምሰው? አዋቂው ሳሎን ቡና ሲጠጣ ልጆቹ መኝታ ቤት ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር ይገባሉ። በቴክሳስ ሕግ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የተጫነ መሣሪያ ቢያገኝ፣ በቸልተኝነት ያስቀመጠው አዋቂ ይጠየቃል። በሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ፤ ዕድሜውም ቅጣቱም ይለያያል።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ መካከል በግልጽ ስለማይነገር ልናገረው። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሐዘን የከበደው፣ ከሰው የራቀ፣ ሥራ አጥቶ ወይም ትዳሩ ፈርሶ የተሰበረ ሰው ካለ፣ መሣሪያ አትግዙ። ካለም ነገሩ እስኪያልፍ ከቤት ይውጣ፤ ታማኝ ዘመድ ቤት ወይም የሚያስቀምጥ ሱቅ ይሰጥ። 988 ቀንም ሌሊትም የሚሠራ የእርዳታ ስልክ ነው። ጠላት ከውጭ ብቻ ይመጣል ብለን በር ስንዘጋ ውስጥ ያለውን ሰው እንዳንረሳው።

ስለ ገንዘብ የሚጠይቁኝ አሉ። በቅድሚያ የሚከፈለው ለትምህርቱ ነው፤ ከዚያ ለካዝናው፣ ከዚያ ለመሣሪያው፣ በመጨረሻ ለማነጣጠሪያው። መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ተኩስ ቦታ ተከራይታችሁ ሞክሩት፤ የኪራዩ ዋጋ የማይሆነውን ገዝቶ በግማሽ ዋጋ ከመሸጥ ያድናችኋል። የጆሮ መከላከያም ካዝናው ውስጥ አብሮ ይቀመጥ፤ ድምፅ የሚያሰማው፣ ተኩስ ሲሆን የሚዘጋው ኤሌክትሮኒክ ዓይነት ልጆቻችሁን እየሰማችሁ ጆሯችሁን ይጠብቃል።

ተኩስ ቦታ ቢያንስ በየጥቂት ወሩ እሄዳለሁ፣ ባለቤቴም ቤት ሲኖር አብሮኝ ይሄዳል። ቱቦው ውስጥ የቆዩትን ጥይቶች እዚያ ተኩሰን በአዲስ እንተካለን፤ ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ የቆየ የፕላስቲክ ቀለህ ቅርጹ ሊጣመም ይችላልና። የመብራቱን ባትሪ ድንጋይ እንዳንረሳ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ እንቀይራለን፤ ያው ቀን የብሎኖቹን ነጭ መስመር አያለሁ፣ የጓሮውን በር ብሎኖችም አጠብቃለሁ።